ሥነ ፍጥረት፦ ልጆቿን በአፏ የምትሸከም ሸረሪት

ሸረሪት በየቤታችን መልካም ስም የላትም። ዘመን መለወጫ ሲደርስ፣ የፋሲካም ዋዜማ ሲቃረብ፣ መጥረጊያ በረዥም እንጨት ጫፍ ታስሮ ከጣራው ማእዘን በመጀመሪያ የሚወርደው የእርሷ ድር ነው። በመጻሕፍትም ቢሆን ምሳሌነቷ ለሚያልፍ ነገር ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ በ89ኛው መዝሙር ላይ ሳሬት የሚለውን ቃል አግኝቶ የሰው ዘመን በእርሷ መመሰሉን ከመምህሩ ሰምቷል፤ በኢዮብ መጽሐፍ ቤቷ ለማይጸና ተስፋ፣ በኢሳይያስም ድሯ ልብስ ለማይሆን ሥራ ምሳሌ ሆኖ ተጽፏል። እኛም ይህን ምሳሌ ልንነቅፍ አልተነሣንም። በዚህ ወር ለአንባብያን ልንነግር የወደድነው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሸረሪት ነው፤ ይኸውም ድሯን ነፍሳት ለመያዝ ሳይሆን ልጆቿን ለማሳደግ ስለምትሠራው፣ እርስዋንም የመሰለች ፍጥረት በሊቃውንት መዝገብ ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ ነው።

ውሃ ዳር የሚኖር ሰው ይህችን ሸረሪት ሳያያት አይቀርም፤ አየ ማለት ግን አስተዋለ ማለት አይደለም። በባሕር ዳር ከተማ ከሆቴሎቹና ከመዝናኛ ቦታዎቹ አልፎ፣ ደንገሉ ሳይታጨድ በቀረበት ዳርቻ፣ ማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያያል። ሰውነቷ ቡናማ፣ በግራና በቀኝ ጎኗ ነጣ ያለ መስመር የተሰመረባት፣ እግሮቿም ከአካሏ ይልቅ እጅግ የረዘሙ ሸረሪት የኋላ እግሮቿን በደንገሉ አገዳ ላይ ተክላ፣ የፊት እግሮቿን በውሃው ገጽ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች። ወጥመድ አልዘረጋችም። ዓሣ አጥማጅ የመንጠቆውን ገመድ በጣቱ ይዞ ንዝረቱን እንደሚጠብቅ፣ እርስዋም ውሃውን ራሱን እንደ ገመድ ይዛ ትጠብቃለች። ዝንብ ከውሃው ላይ ወድቃ ስትንፈራገጥ ትንሿ ሞገድ ከእግሮቿ ዘንድ ትደርሳለች፤ ያን ጊዜ በደረቅ መሬት እንደሚሮጥ ሁሉ በውሃው ላይ ሮጣ ትይዛታለች። የሚያስፈራት ነገር ሲመጣ ደግሞ አገዳውን ይዛ ወደ ታች ትጠልቃለች፤ በሰውነቷ ጠጕር መካከል የተያዘውም አየር በውሃው ውስጥ እንደ ብር ያበራል።

እንዲህ ያሉት የውሃ ዳር ሸረሪቶች ዓሣ ይበላሉ ቢባል የማያምን ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማርቲን ኒፈለር የተባለው የስዊስ ሊቅ በአውስትራሊያ ከሚሠራው ከብራድሊ ፑሲ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ ከአንታርክቲካ በቀር ከክፍለ ዓለማት ሁሉ የተሰበሰቡ ከ80 የሚበልጡ ማስረጃዎችን አቅርቧል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአንድ የአገራችን አዋጅ ቍጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የተያዙት ዓሦች ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱ ሲሆኑ፣ በአማካይ ከያዘቻቸው ሸረሪት አካል ከእጥፍ በላይ ይረዝማሉ። መርዟ ዓሣውን ካደከመው በኋላ ወደ ደረቅ ቦታ ጐትታ ታወጣዋለች።

ይሁን እንጂ ይህችን ሸረሪት ያስመረጠን አደኗ አይደለም። እንቍላሏን የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ እንቍላሎቹን በሐር ጠቅልላ ሽንብራ የምታህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የምትተልቅ ክብ ከረጢት ትሠራለች። ይህችን ከረጢት በመንጋጋዎቿ ነክሳ፣ ከደረቷ በታች አቅፋ፣ የትም ብትሄድ ይዛት ትሄዳለች። ከረጢቷ መሬት እንዳትነካባት በእግሮቿ ጫፍ ከፍ ብላ ትራመዳለች። ሌሎች ሸረሪቶችም እንቍላላቸውን ይሸከማሉ፤ በየሜዳው የምናያት ተኵላ ሸረሪት የምትባለው ግን ከኋላዋ አያይዛ ነው የምትጐትተው፤ አፏ ነጻ ስለ ሆነም ማደን ትችላለች። የኛይቱ አፏ በልጆቿ ተይዟልና አደኑን አብዛኛውን ጊዜ ትተወዋለች። ጾም እንዳንለው ፈቃድና ጸሎት የለበትም፤ መራብ ግን በእርግጥ ትራባለች።

ልጆቿ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ከውሃው ርቃ ወደ ሣሩ ወይም ወደ ደንገሉ ጫፍ ትወጣለች። በዚያም ቅጠሎቹን በሐር እየሳበች አንዱን ከሌላው ጋር ታስርና ድንኳን ትሠራለች፤ ከረጢቷን በድንኳኑ መካከል ሰቅላ እርስዋ በውጭ ትቀመጣለች። ልጆቿ ከከረጢቱ ወጥተው እንደገና ቆዳቸውን እስኪለውጡ ድረስ አንድ ሳምንት ያህል በዚያ ተሰብስበው ይቈያሉ፤ እናቲቱም ጕንዳንና ሌላ ጠላት እንዳይቀርባቸው ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ ወጥተው ሐራቸውን ለነፋስ እየለቀቁ ይበታተናሉ። በሌላው ዓለም ቋንቋ ይህችን ሸረሪት ከነወገኖቿ የሚጠሯት በዚሁ በሕፃናት ማሳደጊያ ድሯ ነው። በአማርኛ ግን ሸረሪት ሁሉ ሸረሪት ተብሎ ስለሚታለፍ፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ አራስ ቤት ሠሪ ብንላት የሚቃወመን ያለ አይመስለንም፤ እናቶቻችን አራስ ቤት ምን እንደ ሆነ ያውቃሉና።

ስለ ስም ከተነሣ፣ አዳም እንስሳትን ሁሉ በየስማቸው እንደ ጠራ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ነገሩን በቀን በቀን ከፍሎ ይነግረናል፤ በመጀመሪያው ቀን አራዊት፣ በሁለተኛው እንስሳት፣ በሦስተኛው አዕዋፍ፣ በአራተኛው በምድር ላይ የሚንቀሳቀሱት፣ በአምስተኛው በውሃ ውስጥ የሚኖሩት ወደ አዳም ቀረቡ ይላል። በውሃ ላይ የምትሮጠው ሸረሪታችን በአራተኛው ቀን ቀርባ ይሁን ወይስ በአምስተኛው፣ ይህን ለመጻሕፍት መምህራን እንተወዋለን። ደስ የሚያሰኘን ግን ሌላ ነው፤ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን የሚለው የአራስ ሥርዓትም በዚያው በኩፋሌ ከዚሁ ታሪክ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ተጽፎ ይገኛል።

ዛሬ የዓለም ሊቃውንት ለእንስሳት የሚሰጡት ስም መነሻው የስዊድኑ ሊቅ የሊኒየስ የ1758 መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት የታተመ ስም በሕጉ አይቈጠርም። አንድ መጽሐፍ ብቻ ከዚህ ሕግ ነጻ ሆኖ እንዲያውም ለሊኒየስ መጽሐፍ ቀዳሚ ተደርጎ ይቈጠራል፤ እርሱም ካርል ክሌርክ የተባለ ሌላ ስዊድናዊ በ1757 ስለ አገሩ ሸረሪቶች ያሳተመው ነው። እንግዲህ ከጥንታውያኑ የእንስሳት ስሞች ሁሉ ፊተኞቹ የሸረሪቶች ስሞች ናቸው ማለት ነው። ክሌርክ ከጻፋቸው አንዲቱ ይህችው አራስ ቤት ሠሪ ስትሆን፣ ያወጣላት ስም ሚራቢሊስ ማለት በላቲን ድንቅ ማለት ነው። ክሌርክ ድንቅ ያላት ስለ ምን እንደ ሆነ በውል አልተጻፈም፤ ከእርሱ በኋላ የታየው የጋብቻዋ ነገር ግን ስሙን አጽድቆታል። ወንዱ ለሴቲቱ ጥሎሽ ይዞ ይቀርባል፤ ይኸውም የያዘውን ነፍሳት በነጭ ሐር ጠቅልሎ ነው። በዴንማርክ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ከወንዶቹ አንዳንዶቹ የተበላ ነፍሳት ቅርፊት ብቻ ጠቅልለው ያቀርባሉ፤ ሴቲቱም ማታለሉን የምታውቀው ጥቅሉን ስትፈታ ነው። በሰው ዘንድም እንዲህ ያለ ጥሎሽ አልታየም አንልም።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ወደ ቤታችን ይቀርባል። በውሃ ላይ ለሚሮጡት የአፍሪካ አራስ ቤት ሠሪዎች ለአንዱ ወገን ስም ያወጣው ኦክታቪየስ ፒካርድ ኬምብሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው ብሎክስዎርዝ በምትባል የገጠር ደብር ቄስ ሆኖ የሚያገለግል ነበረ፤ በትርፍ ጊዜው ግን ከዓለም ዙሪያ የሚላኩለትን ሸረሪቶች ይመረምር ነበር። በ1876 ከግብፅ የመጡትን ሸረሪቶች ሲጽፍ ለአንዲቱ ወገን ኒሉስ የሚል ስም ሰጣት። ኒሉስ ማለት አባይ ነው፤ እኛ በቤተ ክርስቲያን ግዮን የምንለው ወንዝ ማለት ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ በ1883 ፒየትሮ ፓቬዚ የተባለ የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሸዋ ስለ ተሰበሰቡ ሸረሪቶች አንድ ጽሑፍ በጄኖቫ አሳተመ። በዚያ ዘመን በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለ ስፍራ ማርኬዝ ኦራጽዮ አንቲኖሪ የመሩት የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ተቀምጦ አዕዋፍንና ነፍሳትን ይሰበስብ ነበር፤ አንቲኖሪም በ1882 በዚያው ሞተው ተቀበሩ። ፓቬዚ ከጻፋቸው ሸረሪቶች አንዲቱ አራስ ቤት ሠሪ ነበረች፤ ስሟንም በካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ በጉልዬልሞ ማሳያ ስም ማሳያኤ አላት። የላቲኑ «ኤ» በግእዝ እንደ «ዘ» ነው፤ ዘማሳያ እንደ ማለት። ማሳያን አባቶቻችን አባ ማስያስ ይሏቸው ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1879 ከአገር እንዲወጡ አድርገዋቸዋል። ሰውየው ከአገር ወጡ፤ ስማቸው ግን ከአራት ዓመት በኋላ በሸረሪት ላይ ታትሞ ቀረ። ይህን የምንለው በሃይማኖት ለመነቃቀፍ አይደለም፤ ስም አውጪው ለሚያከብረው ሰው ስም መስጠቱ የተለመደ ነው። በ1883 በሸዋ ወንዞች ዳር ከብት የሚጠብቁ ልጆች ግን ሸረሪቲቱን ከፓቬዚ በፊት እንደሚያውቋት አያጠራጥርም።

የፓቬዚ ሸረሪት ለብዙ ጊዜ ታላሲዩስ በሚባል ወገን ውስጥ ስትቈጠር ኖረች። በ2011 ጀርመናዊው ፔተር ዬገር የቀድሞዎቹን ናሙናዎች እንደገና መርምሮ ታላሲዩስና ኒሉስ አንድ መሆናቸውን ስላሳየ፣ የቀደመው የቄሱ ስም ጸና። ስለዚህ የሸዋይቱ ሸረሪት ዛሬ ኒሉስ ማሳያኤ ትባላለች። ሊቃውንቱ የውሃ ላይ ሯጮቹን ከአራስ ቤት ሠሪዎቹ ቤተ ሰብ ለይቶ ለብቻ ስለ ማቆም ዛሬም ይጽፋሉ፤ ነገሩ ከየጊዜው ጥናት ጋር የሚሻሻል ነው። እኛን የሚያስገርመን ሌላ ነገር ነው። በግዮን ስም የተጠራው የሸረሪት ወገን ስሙን ያገኘው ወንዙ ባሕር በሚገባበት አገር ነው፤ ወንዙ ከሐይቃችን በሚወጣበት በባሕር ዳር ግን በደንገሉ ሥር የሚሮጡት ስንት ዝርያ እንደ ሆኑ ቍጥራቸውን የሚነግረን መጽሐፍ በተማሪዎቻችን እጅ የለም።

እንግዲህ አዲስ ዝርያ ጻፈ ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው የሚመስለው ማንም ያላየውን ማየት ነው። እንዲህስ አይደለም። አዲስ የሚባለው ለመዝገቡ እንጂ ለአገሩ ሰው አይደለም። ሥራው ማወዳደር ነው። መርማሪው በእጁ ያለችውን ሸረሪት ከዚህ በፊት ስም ከወጣላቸው ዘመዶቿ ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ያስተያያታል፤ የዓይኖቿን አሰላለፍ (ስምንት ናቸው)፣ የእግሮቿን ልክ በሚሊ ሜትር ከፍሎ፣ የጠጕሯንና የእሾ኿ን ቦታ ይመዘግባል። መልክና ቀለም ግን ያታልላሉ። ሸረሪትን ከሸረሪት በእርግጥ የሚለየው ለመዋለድ የተሰጣት ክፍል ነው፤ የሴቲቱ ከሆዷ በታች፣ የወንዱ ደግሞ በፊቱ ባሉት ሁለት አጫጭር እጆች ጫፍ ላይ ይገኛል፤ የእያንዳንዱም ዝርያ እንደ ቍልፍና እንደ መክፈቻ ለየራሱ የተሠራ ነው። ይህ ክፍል ተሠርቶ የሚያልቀው ሸረሪት ለአካለ መጠን ስትደርስ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከትንሿ ሸረሪት ስም አይወጣም።

ከዚህ በኋላ አንዲቱ ሸረሪት ምስክር ሆና በአልኮል ውስጥ ትቀመጣለች፤ የተያዘችበት ስፍራ፣ ቀኑና የያዛት ሰው ስም በወረቀት ተጽፎ ከእርሷ ጋር ይገባል። ይህ ነገር ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ በመጨረሻ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ እንደሚያስመሰክር፣ በየደብሩም የተጻፈ ድጓ ቢያጠራጥር በቤተ ልሔሙ እንደሚታረም፣ የሸረሪት ስምም ቢያጠራጥር ሊቃውንቱ የሚሄዱት ወደ ምስክሯ ሸረሪት ነው። ዬገር ከ128 ዓመት በኋላ የፓቬዚን ዘመን ስሞች ሊያቃና የቻለው ምስክሮቹ ተጠብቀው ስለ ቈዩ ነው። ስሙም በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ምክንያት የኛን ግእዝ ለሚያውቅ ሰው አይከብደውም፤ አፍ የፈታበት ሕዝብ የሌለው ቋንቋ በየዘመኑ አይለዋወጥምና። ስሙ በላቲን ፊደል ይሁን እንጂ መግለጫው በማንኛውም ቋንቋ እንዲጻፍ ሕጉ ይፈቅዳል፤ በአማርኛም ቢሆን። በመጨረሻም መታተም አለበት። በአውስትራሊያ አንዲት የውሃ ላይ ሸረሪት በፊዚክስ ሊቁ በብራያን ግሪን ስም እንደምትጠራ በ2016 በአደባባይ ተነግሮ ነበር፤ በመዝገቡ ግን የጸናችው መግለጫዋ በታተመበት በ2018 ነው። በአደባባይ መናገር ብቻውን ስም አያጸናም።

ይህ ሁሉ ለሩቅ አገር ሰዎች የተተወ ሥራ እንዳይመስል፣ ከጣና ራሱ አንድ ምሳሌ እናምጣ። የሐይቁን ትልልቅ ዓሦች አንዳንዶቹን ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ጽፏቸው ነበር፤ በ1940 ደግሞ ኢጣልያዊው ቢኒ ለአንዱ በጎርጎራ ስም ጎርጎሬንሲስ የሚል ስም ሰጠው። በ1973 ግን አንድ እንግሊዛዊ ሊቅ በቤተ መዘክር የተቀመጡትን መርምሮ ሁሉም መልካቸው የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ ናቸው ሲል ደመደመ። ከ1990 በኋላ ኔዘርላንዳውያኑ ሊዮ ናጌልኬርኬና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ባሕር ዳር ተቀምጠው፣ ከዓሣ አጥማጆች ጋር እየዋሉ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚበላና የት እንደሚኖር ከተመለከቱ በኋላ ቢያንስ 15 ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ትንሽ የጣና ዓሣ ታናፔላጊዩስ ተብሎ ሲጻፍ፣ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ሊቅ እሸቴ ደጀን ናቸው። ዓሣው የተጠራውም በሐይቁ በራሱ ስም ነው። በሩቅ ቤተ መዘክር አንድ የተባለው ብዙ መሆኑ የታወቀው በቦታው ላይ በተቀመጡ ሰዎች ነው። ስለ ሸረሪቶቹም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ የዓሣን ያህል ለገበያ ስለማይፈለጉ ብቻ ተራቸው ዘግይቷል። በዓለም መዝገብ የገቡት የሸረሪት ዝርያዎች በ2022 ከ50,000 አልፈዋል፤ በየዓመቱም ይጨመራል።

ባለፈው ጥቅምት ከምናስተምራቸው ልጆች አንዲቱ፣ ክዳኑን በምስማር የበሳችው የማርማላታ ጠርሙስ ይዛ ወደ ክፍል ገባች። በውስጡ ከረጢቷን በአፏ ያቀፈች ሸረሪት ነበረች፤ ከደንገል ሥር ያገኘቻት መሆኑን ነገረችን።

«መምህር፣ ስሟ ማን ነው?» አለች።

ዝርያዋ በዓይን ብቻ አይለይም፤ ምናልባትም ስም ያልወጣላት ልትሆን ትችላለች አልናት። እንዴት እንደሚለይም ከላይ የጻፍነውን ነገርናት። እንቍላል የያዘች እናት ለአካለ መጠን የደረሰች መሆኗ የታወቀ ስለ ሆነ፣ መርማሪዎች የሚፈልጉት እንዲህ ያለችውን እንደ ሆነ አልሸሸግናትም።

«እንግዲያው ለመጠራት መሞት አለባት ማለት ነው?»

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ሣቀና፣ በቤታችን በየበዓሉ በመጥረጊያ ስንቱን እንገድል የለምን አለ። ንግግሩ ቀላል አልነበረም። በእውነትም በመጥረጊያ የምትሞተው ሸረሪት ለማንም ሳትጠቅም ትጠፋለች፤ በአልኮል የተቀመጠችው ግን መቶ ዓመት ታስተምራለች። ለእውቀት ሲባል አንዲት ሸረሪት መግደል ኀጢአት ነው ብለን አናስተምርም፤ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ገዢነት ማወቅንም የሚጨምር ነውና። ነገር ግን ይህች በአፏ ልጆቿን ይዛለች፤ እርስዋን ወደ አልኮል ማግባት ከረጢቷንም ማግባት ነው። ከረጢቷን ከአፏ ብንነጥቃት ደግሞ የሚጠብቃት የለም። ልጅቱን አስበሽ ነገ ንገሪን አልናት።

በማግሥቱ ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ወደ ወሰደችበት ደንገል መልሳታለች። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ስትመለስ ሁልጊዜ እየሄደች በደብተሯ ትጽፍ ጀመር። በአምስተኛው ቀን በቄጠማው ጫፍ ድንኳኑን አገኘች፤ ከውሃው እስከ ጕልበቷ ያህል ከፍ ይላል ብላ ጽፋለች። በዘጠነኛው ቀን ልጆቹ እንደ ጤፍ ፍሬ ተበትነው በድንኳኑ ውስጥ ታዩ፤ ሊቈጠሩ አልቻሉም። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ድንኳኑ ባዶ ሆኖ፣ እናቲቱም በዚያ አልተገኘችም። ደብተሩ ከእኛ ዘንድ አለ፤ ሥዕሎቹም መልካም ናቸው። ለመዝገቡ ግን ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ ምስክር የሚሆን አካል የለውምና። ልጅቱ ያደረገችውን እኛ እንደግፈዋለን። ደግሞም ሁሉ ሰው እንደ እርስዋ ቢያደርግ የጣና ዳር ሸረሪት እስከ መጨረሻው ስም እንደማይኖራት እናውቃለን። ልጆቹ ከተበታተኑ በኋላ እናቲቱን መውሰድ የሚሻል መንገድ ነው፤ ለዚህም ያን ያህል ቀን በየዕለቱ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

የሚያስቸኵለው ነገር ግን አለ። ይህች ሸረሪት ያለ ውሃ ዳር ተክል አትኖርም። እግሯን የምትተክልበት አገዳ፣ ድንኳኗን የምታስርበት ቅጠል ያስፈልጋታል። ደንገሉ ደግሞ በየዓመቱ እየራቀ ነው። ለታንኳ የሚታጨደው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፤ ሥሩ ስለሚቀር ተመልሶ ይበቅላል። የማይመለሰው ሐይቁ ሲሸሽ ተከትሎ የሚታረሰውና ለግንብ የሚደለደለው ነው። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ታይቶ፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ብዙ ቦታ ሸፍኗል። ዩኔስኮ በ2015 የጣናን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ማስገባቱ መልካም ነው፤ ሆኖም መዝገብ ደንገል አይተክልም። በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት ዙሪያ ዛፉ ያልተቈረጠው አበው ስለ ከለከሉ ነው። ዛፉን እንደ ጠበቁት የውሃውን ዳር ቄጠማም ቢጠብቁት ብለን እንለምናለን፤ በኡራ ኪዳነ ምሕረት መውረጃ ታንኳ የሚጠብቅ ምእመን ጥቂት ጐንበስ ቢል የሚያየው ነገር አያጣም።

አንድ ነገር ለወላጆች እናሳስባለን። የአገርን ፍጥረት ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መላክ በአዋጅ ቍጥር 482/1998 የተከለከለ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ስለዚህ ልጆች ያገኙትን በፖስታ ለእንግዳ ሰው እንዳይሰጡ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህራን አሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በአራት ኪሎ የእንስሳት ቤተ መዘክር አለ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በደብተር መጻፍ ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው። በክረምት መውጫና በጥቅምት በውሃ ዳር ቅጠሎቹ በነጭ ሐር ተሳስበው የታሰሩ ቢታዩ፣ ሳትነኩ ከድንኳኑ በታች ባለው አገዳ ላይ እናቲቱን ፈልጉ። ቀኑንና ወሩን፣ የስፍራውን ስም፣ ተክሉ ደንገል ይሁን ቄጠማ ወይም ሌላ፣ ድንኳኑ ከውሃው ስንት ስንዝር እንደሚርቅ፣ በጎኗ ያለው መስመር ነጭ ይሁን ቢጫ ጻፉ። ሥዕል የሚችል ልጅ በእርሳስ ይሣል፤ ስምንቱን ዓይኖች በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ መደርደራቸውን ከአጕሊ መነጽር ጋር ቢያይ ይሻላል። የተጻፈውን ወደ ዝግጅት ክፍላችን የላከ እንደ ሆነ ከልጅቱ ደብተር ጋር አስተያይተን በጥር ወር በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።